ያመኑት ፈረስ፡- ኮሎኔል ወርቅነህ ገበየሁ እና የታኅሣሥ 1953 ሌሊት

“ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ” ይላል ያገራችን ሰው። ይህ አባባል ለአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት ከተስማማባቸው ቀኖች አንዱ ታኅሣሥ 4 ቀን 1953 ዓ.ም. ነው። በዚያች ማታ ንጉሠ ነገሥቱ ብራዚል ነበሩ። አዲስ አበባ ላይ ግን እሳቸውን እንዲጠብቅ የተቋቋመው ክቡር ዘበኛ፣ የፖሊስ ሠራዊት አዛዥና የፀጥታው ኃላፊ አንድ ላይ ሆነው ተነሡባቸው። ከነዚህ መካከል ብዙ ያልተጻፈላቸው፣ ነገር ግን ለነገሩ ቁልፍ የነበሩት የፀጥታው ኃላፊ ኮሎኔል ወርቅነህ ገበየሁ ናቸው።

አንባቢ እንዳይደናገር አንድ ነገር አስቀድመን እናንሣ። በቅርብ ዘመን የፌዴራል ፖሊስ ኮሚሽነር፣ በኋላም የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነው የሠሩትና በ2012 ዓ.ም. የኢጋድ ዋና ጸሐፊነትን የተረከቡት ዶክተር ወርቅነህ ገበየሁ የስም ሞክሼ ናቸው እንጂ ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው እሳቸውን አይደለም። የዚህ ጽሑፍ ባለታሪክ ከ1953 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር ያላለፉት ኮሎኔል ናቸው።

ጆሮ ጠቢ

ከነፃነት በኋላ፣ ማለትም ከ1933 ዓ.ም. ወዲህ፣ የአፄ ኃይለ ሥላሴ አገዛዝ የቆመው በሦስት ነገር ላይ ነው ማለት ይቻላል፤ በሹመት፣ በጦር ሠራዊትና በወሬ። ሹመቱን ሁሉም ያየዋል። ሠራዊቱም በሰልፍ ቀን ይታያል። የማይታየው ወሬው ነበር። ሕዝቡም ይህን የማይታይ ነገር የሚያመጡትን ሰዎች “ጆሮ ጠቢ” ብሎ ሰይሟቸዋል። ቃሉ እስከ ዛሬ ከአማርኛችን አልጠፋም።

ንጉሠ ነገሥቱ ወሬን ከአንድ ሰው ብቻ አይቀበሉም ነበር። ሚኒስትሩ ስለ ጄኔራሉ ይናገራል፤ ጄኔራሉ ስለ ሚኒስትሩ ይናገራል፤ ሦስተኛው ደግሞ ስለ ሁለቱም ይናገራል። ሁሉም የሚገናኙት በአንድ ሰው ጆሮ ላይ ብቻ ነው። ይህ ዘዴ አንድ ትልቅ ጥቅም ነበረው፤ ከሹማምንቱ ማንም ሙሉውን ሥዕል አያይም። ሙሉውን የሚያውቁት ጃንሆይ ብቻ ናቸው። ጉዳቱም ከዚያው ከጥቅሙ ይመነጫል፤ ጃንሆይ ከአገር ሲወጡ ወሬው ሁሉ የሚያርፍበት ቦታ ያጣል።

በዚህ ዓይነት አገዛዝ ውስጥ የውስጥ አዋቂ መሆን ከማዕረግ ይበልጣል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የዚህ ዓይነቱ ሰው ጸሐፌ ትእዛዝ ወልደ ጊዮርጊስ ወልደ ዮሐንስ ነበሩ። የጽሕፈት ሚኒስትር ሆነው ከ1933 እስከ 1947 ዓ.ም. ድረስ ከንጉሠ ነገሥቱ ቀጥሎ ያሉ ሰው ተደርገው ይታዩ ነበር። በ1947 ዓ.ም. ግን ከዚያ ቦታ ተነሥተው በአርሲ፣ ኋላም በጋሞ ጎፋ ገዥነት ተሾሙ። ሹመት መሰለ እንጂ ከቤተ መንግሥት መራቅ ማለት ነበር። ይህ ውድቀት ለሌሎቹ ባለሟሎች በሩን ከፈተ። ኮሎኔል ወርቅነህም ከፍ ያሉት ከዚህ በኋላ ባሉት ዓመታት ነው።

ከጎንደር እስከ እልፍኙ

ወርቅነህ ገበየሁ ትውልዳቸው ጎንደር ነው። ከመሳፍንቱና ከመኳንንቱ ቤት የተወለዱ አልነበሩም። ወደ ላይ ያወጣቸው የክቡር ዘበኛ መኮንንነታቸውና የንጉሠ ነገሥቱ ሞገስ ነው። ክቡር ዘበኛ በዚያን ጊዜ ከሠራዊቱ ሁሉ የተመረጠው፣ መኮንኖቹን በስዊድን አሠልጣኞች ያስተማረው፣ ወደ ኮሪያ የዘመተውን የቃኘው ሻለቃ ያበረከተ ክፍል ነበር። ከዚያ የወጣ ወጣት መኮንን ዓይን ይገባል። ዓይን የገባም ሰው ቤተ መንግሥት ይጠራል።

ንጉሠ ነገሥቱ እንዲህ ያሉትን ሰዎች የሚወዱበት ምክንያት ግልጽ ነው። የራስ ልጅ ርስትና ወገን አለው፤ ቢቀየም የሚሸሽበት አገር አለው። የድኻ ልጅ ግን ያለው ሹመቱ ብቻ ነው፤ ሹመቱም የጃንሆይ ነው። ስለዚህ ታማኝ ይሆናል ተብሎ ይታሰባል። ኮሎኔል ወርቅነህ በዚህ መንገድ እስከ ንጉሠ ነገሥቱ ልዩ ካቢኔ ደረሱ፤ የፀጥታውንም ሥራ ያዙ። የአገሪቱ ምሥጢር በእጃቸው ያልፍ ጀመር።

ይሁን እንጂ የፀጥታ ሥራ ሁለት ስለት ያለው ቢላዋ ነው። ማን ምን እንዳማረረ፣ የትኛው መኮንን በደመወዝ እንደተነጫነጨ፣ የትኛው ተማሪ ምን እንደጻፈ የሚያነብ ሰው፣ አገሩ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለች ከሚኒስትሮቹ ሁሉ ቀድሞ ያውቃል። ሌላው ሹም የሚሰማው ውዳሴ ነው፤ እርሱ የሚሰማው እሮሮ ነው። በየቀኑ እሮሮ የሚሰማ ሰው ልቡ ወዴት ሊያዘነብል እንደሚችል መገመት አያስቸግርም።

ሁለት መረቦች

በዚያን ዘመን የወሬ መረብ የነበራቸው ኮሎኔሉ ብቻ አልነበሩም። የጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ታላቅ ወንድም የሆኑት መኮንን ሀብተ ወልድ በየመሥሪያ ቤቱና በየክፍለ ሀገሩ ሰው እንዳላቸው የታወቀ ነበር። የንግድና የገንዘብ ሚኒስቴርን ጨምሮ ብዙ መሥሪያ ቤት መርተዋል። የሀገር ፍቅር ማኅበር ሲነሣም ስማቸው አብሮ ይነሣል። የአለባበሳቸው ነገር ተራ፣ ኑሯቸው ቁጥብ፣ ለጃንሆይ ያላቸው ታማኝነት ግን ጥያቄ የሌለው ነበር ይባላል።

እንግዲህ ሁለት ሰዎች፣ ሁለት መረቦች። አንዱ በዕድሜ የገፉና ከስደቱ በፊት ጀምሮ የነበሩ ሲቪል፤ ሌላው ወጣትና ወታደር። ሁለቱም ለአንድ ጌታ ወሬ ያመጣሉ። አሠራሩ የታሰበው አንዱ ቢከዳ ሌላው እንዲነግር ነው። በ1953 ዓ.ም. ታኅሣሥ ግን አንደኛው መረብ ከነባለቤቱ ከዓመፁ ጋር ቆመ፤ የሁለተኛው መረብ ባለቤት ደግሞ በዚያው ሌሊት እስረኛ ሆኑ። ጃንሆይ ለዓመታት የገነቡት መከላከያ በአንድ ማታ ፈረሰ።

አራቱ ሰዎች

የመፈንቅለ መንግሥቱ ዋነኛ መሪዎች ተብለው የሚጠሩት አራት ናቸው። የክቡር ዘበኛ አዛዡ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ፤ ታናሽ ወንድማቸው ገርማሜ ንዋይ፤ የፖሊስ ሠራዊት አዛዡ ብርጋዴር ጄኔራል ጽጌ ዲቡ፤ አራተኛው የፀጥታው ኃላፊ ኮሎኔል ወርቅነህ።

የሐሳቡ ምንጭ ገርማሜ እንደነበሩ በሰፊው ይታመናል። በአሜሪካ በዊስኮንሲንና በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲዎች የተማሩት ገርማሜ፣ ወላይታን ሲገዙ ለድኻው መሬት ለመስጠት በመሞከራቸው ከባለርስቶቹ ጋር ተጣልተው ወደ ጅጅጋ ተዛውረዋል። ወንድማቸው ጄኔራል መንግሥቱ ጠመንጃው አላቸው። ጄኔራል ጽጌ ከተማውን የሚጠብቀው ፖሊስ አላቸው። የኮሎኔሉ ድርሻ ምን ነበር ቢባል ዝምታ ነው። የፀጥታው ኃላፊ ከዓመፀኞቹ ጋር ከሆነ ስለ ዓመፁ ለጃንሆይ የሚጽፍ ማን ይሆናል?

ታኅሣሥ 4 ማታ

ንጉሠ ነገሥቱ የምዕራብ አፍሪካ አገሮችን ጎብኝተው ወደ ብራዚል ተሻግረው ነበር። ማክሰኞ ታኅሣሥ 4 ቀን ማታ ሚኒስትሮችና መኳንንት እቴጌ መነን በጠና ታመዋልና ፈጥናችሁ ድረሱ የሚል ጥሪ ደረሳቸው። ማን ይቀራል? የመጣው ሁሉ ተያዘ። አልጋ ወራሽ አስፋ ወሰንም በአመፀኞቹ እጅ ገቡ።

በማግስቱ ታኅሣሥ 5 ቀን የአልጋ ወራሹ ድምፅ በሬዲዮ ተሰማ። አዲስ መንግሥት መቋቋሙን፣ እሳቸውም በደመወዝ አገራቸውን እንደሚያገለግሉ፣ አዲስ ነፃ የወጡ የአፍሪካ አገሮች ሲራመዱ ኢትዮጵያ ወደ ኋላ መቅረቷን የሚገልጽ ነበር። ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ጠቅላይ ሚኒስትር፣ ሜጀር ጄኔራል ሙሉጌታ ቡሊ የጦር ኃይሎች ኤታ ማዦር ሹም መሆናቸው ተነገረ። የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎችም ድጋፋቸውን ለመግለጽ አደባባይ ወጡ።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም የተሳካ ይመስል ነበር።

ጆሮው ያልደረሰበት ቦታ

ዓመፁን የጣለው በሌሊቱ ያልተያዙት ሰዎች ናቸው። ሜጀር ጄኔራል መርዕድ መንገሻ፣ ሜጀር ጄኔራል ከበደ ገብሬ እና ደጃዝማች አስራተ ካሳ አልተያዙም፤ ከምድር ጦሩ ጋር ተገናኙ። ምድር ጦሩ ደግሞ ከክቡር ዘበኛ ጋር የቆየ ፉክክር ነበረው። አየር ኃይሉም ለንጉሠ ነገሥቱ ወገነ። ፓትርያርኩ አቡነ ባስልዮስ ዓመፁን የሚያወግዝ ቃል አወጡ፤ በወረቀት ታትሞም ለሕዝቡ ተበተነ። ለተራው ሰውና ለተራው ወታደር ከሬዲዮ አዋጅ ይልቅ የፓትርያርክ ግዝት ይበልጥ ያስፈራ ነበር።

ከሁሉ የከፋው ደግሞ ይህ ነው፤ ከክቡር ዘበኛ ወታደሮች ብዙዎቹ በማን ላይ እንደተነሡ በትክክል አልተነገራቸውም። ለጃንሆይ የሚዋጉ መስሏቸው የወጡ ነበሩ። ምሥጢርን በመጠበቅ የጀመረው ሥራ በምሥጢር ብዛት ተበላሸ። ለፀጥታ ሰው ምሥጢር ጋሻው ነው፤ ሕዝብን ለሚያስነሣ ሰው ግን ምሥጢር እንቅፋቱ ነው። መሪዎቹ አራት ወይም አምስት ሰው የሚያውቀውን ነገር በአንድ ጀምበር የሠራዊት ሁሉ እምነት ሊያደርጉት አልቻሉም።

ሐሙስ ታኅሣሥ 6 ቀን ከሰዓት በኋላ ተኩስ ተከፈተ። የአሜሪካው አምባሳደር አርተር ሪቻርድስ ለማስታረቅ ሞክረው አልሆነም። አርብ ታኅሣሥ 7 ቀን ክቡር ዘበኛ እየተሸነፈ መምጣቱ ሲታወቅ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት አረንጓዴ ሳሎን ታግተው በነበሩት ሹማምንት ላይ የመትረየስ እሩምታ ተከፈተባቸው። 15 ያህሉ ሞቱ። ከሟቾቹ መካከል የአርበኞቹ መሪ ራስ አበበ አረጋይ፣ የትግራዩ ራስ ሥዩም መንገሻ፣ ኤታ ማዦር ሹም ተብለው በሬዲዮ የተሾሙት ጄኔራል ሙሉጌታ ቡሊ ይገኙባቸዋል። የሁለተኛው መረብ ባለቤት መኮንን ሀብተ ወልድም እዚያው ወደቁ። ለአንድ ጌታ ወሬ ያመጡ ከነበሩት ሁለት ሰዎች አንዱ በአረንጓዴው ሳሎን ቀሩ፤ ሁለተኛውም ብዙ አልቆዩም።

ንጉሠ ነገሥቱ በአሥመራ በኩል አድርገው ቅዳሜ ታኅሣሥ 8 ቀን አዲስ አበባ ገቡ። ጄኔራል ጽጌ በውጊያው ሞተዋል። የንዋይ ወንድማማቾች ከከተማ ወጥተው ሸሹ፤ ታኅሣሥ 15 ቀን ተደረሰባቸው። ገርማሜ ሞቱ፤ አስከሬናቸውም አዲስ አበባ መጥቶ ተሰቀለ። ቆስለው የተያዙት ጄኔራል መንግሥቱ ለፍርድ ቀርበው መጋቢት 21 ቀን 1953 ዓ.ም. በስቅላት ተቀጡ።

የመቅደላ ጥላ

የኮሎኔል ወርቅነህ ፍጻሜ ከሌሎቹ ለየት ይላል። ተከብበው ሳለ እስከ መጨረሻው ጥይት ተዋግተው፣ እጄን አልሰጥም በማለት በገዛ እጃቸው ሕይወታቸውን እንዳጠፉ ይነገራል። በመጨረሻዋ ሰዓት የአፄ ቴዎድሮስን ስም አንሥተዋል የሚለው ወሬም ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አብሮ ሲነገር ኖሯል። የጎንደሩ ተወላጅ ቴዎድሮስን ቢያነሡ አይደንቅም። ነገሩን የበለጠ የሚያስተውለው ግን የምዕራብ ደቡብ ወሎ ሰው ነው።

ከመካነ ሰላም ከተማ፣ ከቦረና ደጋ ተነሥቶ በሳይንትና በለጋምቦ በኩል ወደ ሰሜን የሚያቀና ሰው በመጨረሻ በበሽሎ ወንዝ ሸለቆ አናት ላይ የመቅደላን አምባ ያገኛል። አፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጦር እጅ ላለመግባት ሽጉጣቸውን የጠጡት እዚህ ነው። የአካባቢው ሰው መቅደላን የሚያውቀው ግን በዚህ ብቻ አይደለም። መቅደላ ወህኒም ነበረች። የባላባት ልጆች በመያዣነት የሚቀመጡባት፣ ንጉሡ የሚጠረጥሩትን ሁሉ የሚሰዱባት ተራራ ነበረች።

ከነዚያ መያዣዎች አንዱ የሸዋው ምኒልክ ነበሩ። ቴዎድሮስ እንደ ልጅ አሳደጓቸው፤ ልጃቸውንም ዳሩላቸው። ምኒልክ ግን በ1857 ዓ.ም. በሌሊት ከአምባው አምልጠው ወሎ ወረዱ። የወሎዋ ገዥ ወርቂት፣ የገዛ ልጃቸው በመቅደላ በቴዎድሮስ እጅ እያለ፣ ምኒልክን ተቀብለው አሳለፏቸው። የከፈሉት ዋጋ ልጃቸውን ነው። ቴዎድሮስ ገደሉት።

እንግዲህ በቤተ መንግሥት ያደገ ሰው ጌታውን ትቶ ሲሄድ በወሎ ደጋ አዲስ ነገር አልነበረም። አንዱ ተሳክቶለት ንጉሠ ነገሥት ሆነ፤ ሌላው ሳይሳካለት ከሃዲ ተባለ። ታሪክ ለሁለቱ የሰጠው ስም የተለያየው በሥራቸው ጠባይ ነው ወይስ በውጤቱ? መልሱን ለአንባቢ እንተወዋለን።

ወሎና አልጋ ወራሹ

ታኅሣሥ 1953 ለወሎ ሌላም ትርጉም ነበረው። በሬዲዮ ድምፃቸው የተሰማው አልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን መርዕድ አዝማች ተብለው ወሎን በደሴ ሆነው የገዙ ናቸው። የቦረና፣ የወረኢሉ፣ የአምባሰልና የሌሎቹ አውራጃዎች ሹማምንት ሁሉ በእሳቸው ስም ይሾሙ ነበር። በአመፀኞቹ ተገደው ማንበባቸው ተነግሮ ከቅጣት ቢድኑም፣ በአባትና በልጅ መካከል የገባው ጥርጣሬ ቶሎ አልጠፋም።

ከዚያ ወዲህ 13 ዓመት ሳይሞላ ወሎ በረሃብ ተመታች። በ1965 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ሄደው ያዩትን በፎቶግራፍ ለሕዝብ አሳዩ። በ1966 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ፊልም ዓለም ያየው ሆነ። በየጠጅ ቤቱ የሚወራውን ሳይቀር የሚሰማ መንግሥት ገበሬው ሲሞት አላወቅኩም ማለት አልቻለም። ያወቀውን ግን ደበቀ። የ1953ቱ ዓመፅ ያነሣው ጥያቄ በ1966ቱ አብዮት ተመልሶ የመጣው በወሎ ረሃብ በኩል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከእሳቸው በኋላ

ንጉሠ ነገሥቱ ከታኅሣሥ በኋላ የወሬውን መንገድ አልተዉም፤ አጠናከሩት እንጂ። የዓመፁ መክሸፍ ለምድር ጦሩም ጉልበት ሰጠው፤ ጥቂት ወራት ሳይቆይ የደመወዝ ጭማሪ ጠይቆ አገኘ። ጃንሆይን ያዳነ ሠራዊት ዋጋውን ማወቅ ጀመረ። ያው ሠራዊት በ1966 ዓ.ም. አወረዳቸው። ከኮሎኔል ወርቅነህ በኋላ በዚያ ወንበር ከተቀመጡት አንዱ የነበሩት ኮሎኔል ሰሎሞን ከድር ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ከረሸናቸው 60 ያህል ሰዎች ጋር ተረሸኑ።

ደርግም በተራው የሕዝብ ደህንነት ሚኒስቴርን አቋቁሞ ኮሎኔል ተስፋዬ ወልደ ሥላሴን ሾመበት። በኢሕአዴግ ዘመን የደህንነቱ ኃላፊ ክንፈ ገብረ መድኅን ግንቦት 4 ቀን 1993 ዓ.ም. አዲስ አበባ በሚገኘው የመኮንኖች ክበብ በአንድ ሻለቃ ጥይት ተገደሉ። የተኩት ጌታቸው አሰፋ እስከ 2010 ዓ.ም. በቦታው ቆይተው ሲነሡ፣ በኋላ ክስ ተመሠረተባቸው። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ወንበሩ ከፖለቲካው ሹመት ጋር ይበልጥ ተጠጋግቷል፤ ተመስገን ጥሩነህ ከአማራ ክልል ርእሰ መስተዳድርነት በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ወደ ብሔራዊ መረጃና ደህንነት ዋና ዳይሬክተርነት፣ ከዚያም በጥር 2016 ዓ.ም. ወደ ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትርነት ተሸጋግረዋል።

ከነዚህ ሁሉ መካከል ኮሎኔል ወርቅነህን ልዩ የሚያደርጋቸው አንድ ነገር ነው። ሌሎቹ ከመንግሥታቸው ጋር ወደቁ ወይም በመንግሥታቸው ተነሡ፤ እሳቸው ግን ከወንበራቸው ሳይነሡ በሾማቸው ላይ ተነሡ። በዚህም የተነሣ ሁለት ወገን ሁለት ስም ሰጥቷቸዋል። ለአንዱ የበላበትን ወጭት ሰባሪ ናቸው፤ ለሌላው ያወቁትን እውነት ይዘው ዝም ማለት ያቃታቸው ሰው ናቸው። አረንጓዴው ሳሎን የሚገኝበትን ገነተ ልዑል ንጉሠ ነገሥቱ በዓመቱ ለዩኒቨርሲቲ ሰጡት፤ ዛሬ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምና ቤተ መዘክሩ ያሉበት ግቢ ነው። በዚያ ኮሪደር የሚያልፍ ተማሪ ሁሉ ሳያውቀው የነዚያን ሁለት መረቦች ፍጻሜ አልፎ ይሄዳል።

የዚህ ሁሉ ትምህርት ከተፈለገ እንዲህ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ የሚነግራቸው ሰው አላጡም፤ እንዲያውም በዝተውባቸው ነበር። ያጡት ክፉውን ወሬ በአደባባይ፣ ያለ ፍርሃት የሚናገርበት ሕዝብና የሚሰማበት ሸንጎ ነው። እሮሮ በአደባባይ መነገር ሲከለከል በምሥጢር ይነገራል፤ በምሥጢር የተነገረውን ሁሉ የሚያውቅ አንድ ሰው ደግሞ አንድ ቀን ከሚያምነው ጌታ ይልቅ የሚሰማውን እሮሮ ሊያምን ይችላል። ያመኑት ፈረስ የሚጥለው ያን ጊዜ ነው።